ሠላሳ ስምንት ሰው ያጨበጨበለት ፕላን

ጥቅምት 6

ለተከበሩት አጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ሰሞኑን እግሬ መሬት አልነካ ብሏል።

አዎ፣ የሰሙት እውነት ነው፤ እናቴ የጻፈችልዎትን ያህል ግን አይደለም። «ፋብሪካውን ጠቅልላ ተረከበች» ብላ ከሆነ እናት ናትና ይቅር ይበሏት። የተሾምኩት ሁለቱን ቤቶች አንድ ላይ እንዳዋህድ ነው። የኩባያና የሳህን ፋብሪካችን ዱሮም ሁለት ቤት ነበር። ታችኛው ቤት አፈሩ ይፈጫል፣ ይቦካል፣ ቅርጽ ይዞ እቶን ይገባል። ከዚያ በጋሪ መንገድ ተሻግሮ ላይኛው ቤት ይሄድና ይቀባል፣ ይፈተሻል፣ ይታሸጋል። መንገድ ሲሻገር የሚሰበረው ብቻ ለአንድ ሰፈር ድግስ ይበቃል። አሁን ሁለቱም ቤቶች ወደ አንድ አዲስ አዳራሽ ሊገቡ ነው።

ነገሩ ቀልድ የለበትም። ሥራ አስኪያጁ ቁጭ አድርገው ነው የነገሩኝ። በአዲሱ አዳራሽ በመጀመሪያው ወር ስንጥቅ ዕቃ ከዱሮው በልጦ ደንበኛ እጅ ከገባ፣ የቅቡና የፍተሻው ሥራ ለውጭ ድርጅት ይሰጣል። የላይኛው ቤት አሥራ አራት ሰዎች ይሰናበታሉ ማለት ነው። ስማቸውን እያነበብኩ የማሰናብታቸው ደግሞ እኔው ነኝ።

ግን አይስጉ። ፕላኑን ሦስት ሳምንት ሙሉ ተቀምጬበት በሦስት ቀለም ራሴ ሠራሁት። እያንዳንዱ ሰው በቀን ስንት እርምጃ እንደሚራመድ ቆጥሬ በግማሽ አሳጠርኩለት። ለራሴም በር ያለው ቢሮ መደብኩ። በር ያለው፣ አጎቴ! ስምንት ዓመት ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ወረቀቴን በቀሚሱ ሲጠርግልኝ ኖሯል። ትናንት ሠላሳ ስምንቱንም ሠራተኞች ሰብስቤ አሳየኋቸው። ጥያቄ አለ ወይ ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ፤ አንድም ሰው አልተቃወመም። አጨበጨቡልኝ! ያውም ሞቅ ያለ ጭብጨባ ነበር።

ለምርቃቱ ይመጣሉ አይደል? በስልክ ልጠይቅዎ ብዬ ነበር። እርስዎ ግን ስልክ ሲያነሱ «ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኚ» ብለው ስለሚዘጉ ደብዳቤ ይሻላል ብዬ ነው።

ፌንጣዎ

*

ጥቅምት 14

ለፌንጣዬ፣

እንኳን ደስ አለሽ፤ እንኳን ደስ አለን። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ እንደ አጎት፣ አንዴ እንደ ወደብ ሰው። እንደ አጎት ሳነበው ለሰፈሩ ሰው ሁሉ አወራሁ፤ የፀጉር አስተካካዩ ደንበኞች ሳይቀሩ አንቺን ያውቁሻል። እንደ ወደብ ሰው ሳነበው ግን ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

መምጣቱን ተዪው፤ አልችልም። የጀልባዎቹን መነሻ ሰዓት የሚመዘግብ ሌላ ሰው የለም፤ ደግሞም ጉልበቴን ታውቂዋለሽ።

አሁን ተራው የእኔ ነውና ልጠይቅሽ። ሠላሳ ስምንት ሰው በአንድ ነገር ተስማማ ነው የምትዪኝ? እኔና እናትሽ ሁለት ሆነን፣ መስኮት ይከፈት ይዘጋ በሚለው እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ለመሆኑ ስብሰባው በስንት ሰዓት ነበር? ጭብጨባውን የጀመረው ማን ነው? ከደረጃው ሲወርዱስ ምን ሲሉ ሰማሽ?

አትቆጪኝ። ደስታሽ ላይ ውሃ ልቸልስ አይደለም፤ እንዲያው ነገሩ ከነከነኝ።

አጎትሽ

*

ጥቅምት 25

ለአጎቴ፣

ለመልሱ የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ልል ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ተቀይሜዎ ነው። ደብዳቤዎን መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ አራት ቀን አኮረፍኩት፤ በአምስተኛው ቀን አወጣሁት።

ስብሰባው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። የሠራተኛው አውቶቡስ የሚነሣው አሥራ አንድ ላይ ነው። እዚህ ላይ መሳቅ ይችላሉ።

ጭብጨባውን የጀመረው የእቶኑ አለቃ ነው። ድምፁ ከእቶኑ የሚብስ፣ በሳቁ መስታወት የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነው፤ እሱ ከጀመረ ሁሉም ይከተለዋል። ሄጄ «ለምንድን ነው ያጨበጨብከው? እስቲ እውነቱን ንገረኝ» አልኩት።

«ካላጨበጨብን አታበቂማ!» አለኝ።

«ፕላኑ ጥሩ ነው ብለህ አይደለም?»

«ስለ ፕላኑ አላሰብኩበትም። አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነበር።»

ታዲያ እኛ ፋብሪካ ጭብጨባ ማለት ይኸው ነው፤ ሰምተናል፣ ውረጂ ማለት ነው። ያለፈው ሥራ አስኪያጅም የተጨበጨበላቸው ሊለቁ ነው በተባለበት ቀን ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜ ነበር። ስምንት ዓመት አብሬያቸው ሳጨበጭብ ኖሬ፣ ለእኔ ሲሆን እንዴት እንደ እውነት ቆጠርኩት? እርስዎ የሦስት ቀን መንገድ ርቀው ያወቁትን እኔ አጠገባቸው ቆሜ አላየሁም።

እንግዲህ ጥያቄዎችዎ ገብተውኝ እንደገና ሞከርኩ። ማክሰኞ ጠዋት፣ አውቶቡስ በማይኖርበት ሰዓት ሰብስቤ «ምን ሊበላሽ ይችላል?» ብዬ ጠየቅሁ። የእቶኑ አለቃ «ምንም አይበላሽም!» አለ፤ ሌሎቹም «ምንም፣ ምንም» አሉ። በቃ፣ ተበተንን። ደግሞ እርስዎ ይህን ሁሉ ከየት አወቁት? ዕድሜዎን በሙሉ የጀልባ ሰዓት ሲመዘግቡ ኖረው አይደል?

ፌንጣዎ (ቂሜን ትቻለሁ)

*

ኅዳር 2

ለፌንጣዬ፣

ቂምሽን ስለተውሽ አመሰግናለሁ። አራት ቀን ግን ጥሩ ነው፤ እናትሽ በእኔ ላይ የያዘችው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ምክንያቱን ሁለታችንም ረስተነዋል።

ማክሰኞ ያደረግሽው ልክ ነበር፤ አጠያየቁ ነው የጎደለው። «ምን ሊበላሽ ይችላል?» ስትዪ ሰው የሚሰማው «እኔን ማን ይቃወመኛል?» የሚለውን ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚናገረው ያ ባለትልቅ ድምፁ ነው፤ እሱ ከተናገረ በኋላ ማን ይናገራል?

እንዲህ አድርጊ። ሁሉም በየፊናው ይጻፍ እንጂ አይናገር። ስምም አይኑር። «ሊበላሽ ይችላል» አትበዪ፤ «ተበላሽቷል» በያቸው። ዛሬ ከገባን አንድ ዓመት ሆኖናል፣ ነገሩ ተንኮታኩቷል፣ እንዴት እንደተንኮታኮተ ለዘመድ በደብዳቤ ንገሩ በያቸው። ያለቀ ነገር ላይ ሰው አይፈራም፤ የሆነውን ብቻ ነው የሚያወራው። አንቺ መጨረሻ ላይ ካልሆነ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። እኛ ወደቡ ላይ አዲስ መስመር ከመክፈታችን በፊት «ጀልባዋ ሰጥማለች፤ ለምን ሰጠመች?» ነው የምንባለው። እያንዳንዱ የሚያመጣው ምክንያት ጉድ ነው።

ከየት አወቁት ላልሽኝ፣ ወደብ ላይ ብዙ ነገር ይታያል። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ይመስገን።

አጎትሽ

*

ኅዳር 12

ለአጎቴ፣

ባለፈው በፖስት ካርድ ለጠየቁኝ፣ አዎ፣ እስክሪብቶውን ለሁሉም አንድ ዓይነት አድርጌ አደልኩ፤ የቀለም ልዩነት ማንንም እንዳያጋልጥ ብዬ። መጻፍ የማይችሉትም ለልጆቻቸው እየነገሩ አስጽፈው አመጡ። ሠላሳ ስምንት ወረቀት። በሳጥን ቀላቅዬ አንድ በአንድ ጮክ ብዬ አነበብኩ። እንዲህ ያለ ቀን በዚህ ፋብሪካ ታይቶ አይታወቅም!

አንዱ «ውድ እህቴ፣ አዳራሹ ከተዘጋ ወዲህ ዶሮ እያረባሁ ነው፤ ዶሮዎቹ ከዱሮ አለቆቼ በጣም ይሻሉኛል» ይላል። ሌላው «የፈረስነው በሽንት ቤት ነው። ለሠላሳ ስምንት ሰው ሁለት ብቻ። ሰልፉ እቶኑ ድረስ ደርሶ ወረፋ የያዘ ሰው ተጠብሷል» ይላል። አንዱ ደግሞ በሦስት መስመር «ጋሪው በበሩ አልገባም። በሩን የለካ ሰው አለ? እኔ ለክቻለሁ» ብሎ አበቃ። አልለካሁም ነበር። ሮጬ ሄጄ ለካሁ፤ በሩ ከጋሪው በአራት ጣት ይጠባል።

የእቶኑ አለቃ፣ «ምንም አይበላሽም» ያለው ሰውዬ፣ አራት ገጽ ጻፈ! ስም አይጻፍ ተብሎ እያለ «እኔ የእቶኑ አለቃ እንደመሆኔ» ብሎ ጀመረ። ሳነበው ሰዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እሱም ሳቀ።

ቀጥሎ አንድ ወረቀት «እትዬ ጆሮ መስማት አቃታቸው» አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ሳቁ ቆመ። በጠቅላላው ዘጠኝ ወረቀት ይህንኑ አለ።

እትዬ ጆሮን አላወጋሁዎትም መሰለኝ። ፈታሻችን ናቸው። እያንዳንዱን ኩባያ በእንጨት ማንኪያ መታ አድርገው ያዳምጡታል። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ድፍን ያለ ከሆነ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ውስጡ አለ። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲሁ ሲያዳምጡ ነው የኖሩት፤ ከእጃቸው ያመለጠ ስንጥቅ ጥቂት ነው። እኔ ታዲያ ፕላኑ ላይ የሳቸውን ጠረጴዛ የት ነው ያስቀመጥኩት? ከአፈር መፍጫው ወፍጮ ሥር! እርምጃ ለማሳጠር ብዬ። ወፍጮው ሲዞር እንኳን የኩባያ ድምፅ የራስን ድምፅ አያሰማም።

አንድ ስንጥቅ ኩባያና አንድ ደህና ይዘን ታችኛው ቤት ወዳለው ወፍጮ ሄድን። መታ አደረጉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለቱም አንድ ሆነውባቸዋል።

«እትዬ፣ ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ፕላኑ ያምር ነበር» አሉኝ። «አንቺም እንደዚያ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም። ደስታሽን ላጠፋብሽ?»

ሥራቸው ከእጃቸው ሊወጣ ነው፣ እሳቸው የእኔ ደስታ ያሳስባቸዋል! አለቀስኩ፣ አጎቴ፤ እሳቸው ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አሁን ጭንቄ ይህ ነው። የወፍጮው መሠረት ኮንክሪት ኅዳር 20 ይፈስሳል። ከፈሰሰ በኋላ የሚነቀል ነገር አይደለም። ሥራ አስኪያጁ የፈረሙበት ፕላን ነው፤ ስህተት ነው ብዬ ልነግራቸው የሚገባኝ እኔ ነኝ። ልነግራቸው ወስኛለሁ፤ እግሬ ግን እንቢ ብሎኛል። ምን ልበላቸው? ደግሞ አሁን አይሸሹኝ፤ ይህን ሁሉ ከየት አወቁት?

ፌንጣዎ

*

ኅዳር 16

ለፌንጣዬ፣

ይህን ደብዳቤ በፈጣኗ ጀልባ ነው የላክሁት፤ ሳይረፍድ እንዲደርስሽ።

ጉልበቴን ምንም አላመመኝም። አሞኝም አያውቅም። ብረት ነው።

አንቺ ገና ሳትወለጂ እኔ የወደቡ የጉዞ ኃላፊ ነበርኩ እንጂ ሰዓት መዝጋቢ አልነበርኩም። አንድ ቀን ካርታ ላይ አጎንብሼ አቋራጭ መንገድ አገኘሁ፤ በደሴቲቱና በዳርቻው መካከል ከታለፈ ሃያ ደቂቃ ይተርፋል። አሥራ አንዱን የጀልባ ነጂዎች ሰበሰብኩና አስረዳኋቸው። «ግልጽ ነው?» አልኩ። «ግልጽ ነው፣ ጌታዬ» አሉ። ለምርቃቱ ነጭ ባርኔጣ ገዝቼ ወደቡ ላይ ቆምኩ።

ጀልባዋ ከእኔ አርባ እርምጃ ሲቀራት አሸዋ ላይ ቁጭ አለች። ስድሳ መንገደኛ ጫማውን በእጁ ይዞ ውሃውን እየረገጠ ወጣ። መካከላቸው ሙሽራ ነበረች። ነጂው በጀርባው አዝሎ አወጣት። እየሳቀች ነበር፤ እኔ ግን ባርኔጣዬን የት እንደምደብቅ ነበር የማስበው።

«እዚህ አሸዋ መኖሩን ታውቅ ነበር?» አልኩት ነጂውን።

«ከልጅነቴ ጀምሮ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቁኝም። ግልጽ ነው ወይ ነው ያሉን። ግልጽ ነበር።»

በሳምንቱ ከኃላፊነቱ ተነሣሁ። ለቤተ ሰቡ ጉልበቴ ነው አልኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ደረጃ ስወጣ ማነከስ አለብኝ። ከእኔ በኋላ የመጣችው ኃላፊ ናት «ጀልባዋ ሰጥማለች፣ ለምን?» እያለች የምትጠይቀን። እኔ ራሴ ከእሷ ነው የተማርኩት፤ አፍሬም፣ ተደስቼም።

ስለዚህ ምን ልበላቸው አትበዪኝ። ሰው ውሃ ሳይገባ ሂጂና ንገሪያቸው። ቢቆጡ ይቆጡ። ፍርሃትሽን አውቀዋለሁ፤ በዝምታ የመጣውን ሐፍረት ግን ሃያ ስምንት ዓመት ነው የተሸከምኩት፤ አንቺ አትሸከሚው።

አጎትሽ

*

ኅዳር 28

ለአጎቴ፣

እንዴት አለፈ ብለው በቴሌግራም ስላስጨነቁኝ ከፍሬው ልጀምር፤ ኮንክሪቱ አልፈሰሰም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስወጣ ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሙሽራይቱ ጋ ስደርስ ሳቄ አላስቆም አለኝ፤ ጸሐፊዋ መባረሬ ነው ብላ ውሃ ይዛልኝ ሮጠች። ስለ ነገሩኝ ደግሞ እጅዎን እስማለሁ። ያን ነጭ ባርኔጣ አሁንም ካለዎት እፈልገዋለሁ።

ለሥራ አስኪያጁ እንዲህ ነበር ያልኳቸው። «ፕላኑ ተሳስቷል። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የፈረሙት እርስዎ ነዎት፣ ሠላሳ ስምንት ሰው አጨብጭቦበታል፤ ሆኖም ተሳስቷል።» ዘጠኙን ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁ። ለረጅም ጊዜ አነበቡ። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ወፍጮው ለጠረጴዛው እንደቀረበ እኔም አይቼ ነበር። አንቺ ግን ሁሉም ሰው አጨበጨበ ስትዪኝ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አልኩ።» እሳቸውም! እሳቸውም አብረውን አጨብጭበው ኖሯል! ለአዲስ ፕላን እስከ ቅዳሜ ጊዜ ሰጡኝ።

በዚህ ጊዜ ወረቀት አልነካሁም። ባዶው አዳራሽ ወለል ላይ ግድግዳውን፣ በሩን፣ እቶኑን በጠመኔ አሰመርን። ሁሉም የራሱን ወንበር ተሸክሞ መጣና ይመቸኛል ያለበት ቁጭ አለ። ባዶ ትሪ ይዘን አንድ የሥራ ቀን በሙሉ ተጫወትን፤ የሌለ አፈር ፈጨን፣ የሌለ ኩባያ ተቀባበልን። የእቶኑ አለቃ የወፍጮውን ድምፅ በአፉ ሲያወጣ ዋለ፤ ማንም አልለመነውም። ሁለት ቀን ተከራከርን። ወፍጮውን ወደ ሩቁ ጥግ ወሰድነው፤ ጋሪው የሚገባበትም በር ሊሰፋ ሆነ። ይሁንና እትዬ ጆሮ በየትኛውም ቦታ ተቀምጠው ቢሞክሩ ድምፁ ይደርስባቸዋል። ሁላችንም ግራ ገባን።

ከቀቢዎቹ አንዷን «ዝምተኛዋ» ነው የምንላት፤ አብራን መሥራት ከጀመረች ወዲህ ከሰላምታ በቀር ድምፅዋን የሰማ የለም። እሷ ናት እጇን ያወጣችው።

«ወፍራም ግድግዳና በር ያለው አንድ ክፍል አለ» አለች። በጣቷ እያመለከተችም፣ «የአንቺ ቢሮ» አለች።

ሁሉም አየኝ። አልዋሽዎትም፣ አጎቴ፣ የመጋረጃውን ቀለም እንኳ መርጬ ነበር። ከዚያ ግን የላይኛው ቤት አሥራ አራት ሰዎች መልሴን ሲጠብቁ አየሁ፤ ልጅቷንም አየኋት፤ ያወጣችውን እጅ ገና አላወረደችም። «እኔ እንዴት አላሰብኩትም?» አልኩ። እውነቴን ነበር።

ታኅሣሥ 14 እንገባለን። ወሩ ከዚያ ይቆጠራል።

ፌንጣዎ

*

ታኅሣሥ 7

ለፌንጣዬ፣

ባርኔጣው የለም፤ በዚያው ቀን ጀልባ ላይ ለነበረ ሰካራም ሰጠሁት፣ አምሮበት ነበር። የመጋረጃሽን ነገር ስሰማ ግን ልቤ ተነካ። ያቺን ልጅ ከእኔ ሳሚልኝ፤ አንድ ጊዜ ተናግራ ከአሥራ አንድ የጀልባ ነጂ በለጠች።

ከሆነ አይቀር ብዬ ለእናትሽም ስለ ጉልበቴ እውነቱን ጻፍኩላት። መልሷ ይህ ነው፦ «አውቃለሁ። ሙሽራዋ የጓደኛዬ እህት ነበረች። አልጠየቅኸኝም እንጂ እነግርህ ነበር።» ሃያ ስምንት ዓመት ሳነክስ እያየች፣ ወንበር እየሳበች ስትሰጠኝ ኖራ! ከዚህ ቤተ ሰብ ነው የወጣሽው፤ ምን ይደረግ።

ስለ ወሩ ስትጽፊልኝ ጥሩውን ብቻ መርጠሽ እንዳትጽፊ።

አጎትሽ

*

ጥር 15

ለአጎቴ፣

ጥሩውን ብቻ እንዳትጽፊ ስላሉኝ መጥፎውን ላስቀድም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሙሉ ሳጥን ስንጥቅ ሳህን ደንበኛ ቤት ገባ። ሦስት ቀን እህል አልበላ አለኝ። ዱሮ ቢሆን ሳጥኑ ማን ጋ እንዳመለጠ አይታወቅም ነበር፤ አሁን ግን አሻጊው ራሱ መጣና «እኔ ነኝ፤ ሳይፈተሽ አሸግሁት፤ የተፈተሸ ሳጥን ምልክት ከሩቅ አይታይም» አለ። በዚያው ቀን ምልክቱን በቀይ አደረግነው። ከዚያ ወዲያ አንድም አልተመለሰም።

ሽንት ቤቱ አሁንም ሁለት ነው። ሰልፍ አለ፤ የተጠበሰ ሰው ግን የለም።

ትናንት ወሩ ሞላ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀታቸውን ይዘው ወለሉ መካከል ቆሙና አነበቡ። የተመለሰው ስንጥቅ ከዱሮው በግማሽ ቀንሷል። ሥራው ለውጭ አይሰጥም፤ የሚሰናበት ሰው የለም። የእቶኑ አለቃ እንዴት እንደጮኸ ልነግርዎ አልችልም፤ ዝምተኛዋን ብድግ አድርጎ እንደ ጋሪ አዞራት። አሻጊው ለቤቱ ሊደውል ወጥቶ ማልቀስ ጀምሮ ሳይደውል ተመለሰ። እኔም የማነበው ስም ስለሌለኝ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ አጎቴ። ሌላ ቃል የለኝም።

ቢሮሽስ የት ሆነ ካሉኝ፣ አሁን የምጽፍልዎት ከማሸጊያው ጠረጴዛ ጫፍ፣ ካርቶን ላይ ተደግፌ ነው። ያለፈ ያገደመው ዛሬም ወረቀቴን ይጠርግልኛል፤ አሁን ግን እየጠረገ ቆም ይልና «ይኼ ነገር አልገባኝም» ይለኛል።

ዛሬ ጠዋት እትዬ ጆሮን ላስደስት ብዬ ለማዳመጫ ክፍላቸው በር ሰሌዳ ሠርቼ መጣሁ። ስማቸውን በወርቅማ ቀለም፣ ዙሪያውን በአበባ ሐረግ፤ ሦስት ቀን የፈጀብኝ ሥራ ነው። ሰቀልኩትና ጠራኋቸው። ቆመው አዩት። ማንኪያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ደስታዬ ፊቴ ላይ እንደሚነበብ አውቀዋለሁ፤ እሳቸውም አይተውታል።

«አስቀያሚ ነው» አሉ። «ደግሞም በሩን ስከፍተው ይንኳኳል፤ ጆሮዬን ይረብሸኛል። አውርጂው።»

አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። «ልጄ፣ ምን ሆነሻል? ሥራ አለብኝ» እያሉ ገፉኝ። ሰሌዳውን አወረድኩት፤ እሳቸው በሩን ዘጉና መታ መታ ማድረጋቸውን ቀጠሉ። ነገም ሠላሳ ስምንቱም በጠዋት ይገባሉ።

ፌንጣዎ